እኛን ከማንሳታችሁ በፊት በሩ ላይ አንድ ሰው አስቀምጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ ስለ ፍርድ ቤት በራፍ ጸሐፊዎች የወጣውን ደብዳቤ አነበብኩ። ጸሐፊው «ራፖር ጸሐፊ የሚባሉት ሰዎች ባለጉዳዩን እየበዘበዙት ስለሆነ ከአካባቢው ይነሱልን» ይላሉ። እኔ ይነሱ ከተባሉት አንዷ ነኝ። ልደታ አካባቢ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ይዤ፣ ሰው የሚነግረኝን ክስና ማመልከቻ አድርጌ እጽፋለሁ። ድሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና የተማርኩ ነኝ። የቀድሞው ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ጀምሮ እዚሁ ሰፈር ነኝ። ወጣቱ «ማዘር» ይለኛል፤ ትልልቆቹ «እትዬ» ይሉኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ነኝም ብዬ አላውቅም።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር። ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ግማሹ ልክ ነው። ከእኛ መካከል ጉድ የሚሠራ አለ። የአንዱን ሰው አቤቱታ ስም ብቻ ቀይሮ ለሌላው የሚሸጥ አለ። አንድ ጊዜ አንድ አባት የቀለብ ክስ መልስ ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ አጽፈውት ነው፤ እስቲ አንብቢልኝ አሉኝ። ሁለት ልጆች ናቸው ያሏቸው። ወረቀቱ ላይ ግን አራት ልጆች ተዘርዝረዋል፤ አንዷ ጭራሽ በሌላ ሰው አባት ስም ትጠራለች። እሳቸው መነጽር ስላልያዙ አላዩትም። ፈርመውበታል። ከፊርማቸው በላይ ደግሞ ሁላችንም የምንጽፋት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ያቀረብኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።» የሌላ ሰው ልጆች አባት መሆናቸውን አረጋግጠው ሊያስገቡት ነበር። እንዲህ የሚሠራውን ሰው አንሱት፤ አልከራከርም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ለምን ወደ እኛ ይመጣል?

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልደታ ባቡር ጣቢያ ቁሙና እዩ። ከአያት መስመርም ከቃሊቲ መስመርም የሚመጣው ባቡር እዚያ ይቆማል። ከሚወርደው ሰው ውስጥ ባለጉዳዩ ወዲያው ይለያል። በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ብብቱ ስር አድርጓል። ፍርድ ቤት 2:30 ነው የሚከፈተው፤ እሱ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ደርሷል፤ ምክንያቱም ወረፋው የት እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ዘበኛውን ይጠይቃል። ዘበኛው «ውስጥ ጠይቅ» ይለዋል። ውስጥ ገብቶ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ይህ እዚህ አይታይም» ትለዋለች። የት ነው የሚታየው ብሎ ሳይጨርስ ከኋላው ያለው ሰው ወረቀቱን አስገብቷል። ያኔ ወጥቶ እኔ ጋ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጠይቀኝም «ጻፊልኝ» ብሎ አይደለም፤ «የት ልሂድ?» ነው የሚለኝ።

እስቲ ሰውየው ምን ማወቅ እንዳለበት አስቡት። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት አለ። የፌዴራሉ አለ፣ የከተማው አለ። የከተማው ፍርድ ቤት በከተማው መተዳደሪያ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው የቆመው። በዓመቱ ማሻሻያ ወጥቶ የወራሽነት ማስረጃና የስም ለውጥ የመሳሰለው ጉዳይ ወደዚያ ሄደ። ፍቺ ከሆነ ግን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ገንዘብ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ይታያል። ድሮ በአዋጅ ቁጥር 25/1988 ጊዜ እስከ 500,000 ብር ያለው ክስ በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ ያለው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይታይ ነበር። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው በመጀመሪያ ደረጃ ነው የሚታየው። ዛሬም የድሮውን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። «ስድስት መቶ ሺህ ነው፤ ከፍተኛ ነው የምከሰው» ይለኛል። ጎረቤቱ ድሮ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ነበርና እሱ ነው የነገረው። ሕግ በጎረቤት ነው የሚታወቀው።

በዚያ ላይ ምድብ ችሎት የሚባል፣ በየአካባቢው የተከፈለ የፍርድ ቤት ቅርንጫፍ አለ። ልደታ፣ አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ቦሌ፣ የካ እያለ ይሄዳል። አንድ የአብነት ሰፈር ሰው አባቱ ሞተው የወራሽነት ማስረጃ ፈለገ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ከወረዳ አውጥቷል። ምስክሮቹንም ይዟል፤ ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው፤ አንደኛው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሰዎቹን ይዞ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ግማሽ ቀን አሰልፈው «የከተማው ጋ ሂድ» አሉት። ዕለቱ አርብ ነበር፤ አርብ ደግሞ 5:30 ላይ ተዘግቶ 7:30 ነው የሚከፈተው። ባለምርኩዙ አባት ጥላ እንኳ በሌለበት አጥር ስር ተቀምጠው አየኋቸው። ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳቸውና ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ምን ያህል ጊዜ ወሰደብኝ? አንድ ሻይ እንኳ አያስጠጣም። በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ገና ሲገቡ አይቶ ይመልሳቸው ነበር።

ከሁሉ በላይ የምናደደው በዳኝነቱ ነው። ዳኝነት የሚባለው ክስ ስታስገቡ የምትከፍሉት ገንዘብ ነው። በገንዘብ ክስ ላይ እንደጠየቃችሁት መጠን ይሰላል፤ ብዙ ከጠየቃችሁ ብዙ ትከፍላላችሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት መጡ። የጌጃ ሰፈር ሰው ናቸው፤ እንጀራ ጋግረው ነው የሚኖሩት። የዕቁባቸውን ገንዘብ ለሥጋ ዘመዳቸው አበድረው ሰውየው ካዳቸው። ወረቀት አላቸው፤ ሁለት ምስክር የፈረመበት ነው። ጉዳያቸው ጥርት ያለ ነው። ወደ እኔ የመጡት ክሱን ካስገቡ በኋላ ነው፤ አንድ ትእዛዝ እንዳነብላቸው ብለው። በጨዋታ መሀል ዳኝነቱን ከጎረቤት ተበድረው እንደከፈሉ ነገሩኝ። ጎረቤቷ ደግሞ በየሳምንቱ ትጠይቃቸዋለች። እንጀራውን እየሸጡ ለሷ ይከፍላሉ።

«እማማ፣ አቅም የለኝም ብለው አላመለከቱም?» አልኳቸው።

«እንዲህ ይባላል እንዴ?» አሉኝ።

ይባላል። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 እና ከዚያ የሚቀጥሉት ስለ እሱ ነው የሚናገሩት። ዳኝነት ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ያለውን ንብረት ዘርዝሮ፣ በቃለ መሃላ አረጋግጦ፣ ሳይከፍል ክሱን እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ይወስናል። ሁሉም ይፈቀድለታል ማለት አይደለም። ግን መጠየቅ መብት ነው። እሳቸው ክሱን ሲያስገቡ ሦስት መስኮት አልፈዋል። አንዱ ቆጠረ፣ አንዱ አሰላ፣ አንዱ ተቀበለ። ከሦስቱ አንዱ «እናቴ፣ ከፍለው ይችሉታል ወይ?» አላላቸውም። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ማንም ይህን ጠይቁ አላላቸውም። ኋላቸው የተሰለፈውን ሰው እያዩ ነው የሚሠሩት። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ደመወዝ ስንት እንደሆነ የማናውቅም አይደለን።

መጥሪያ የሚባለውም ነገር አለ። አንድ የመኪና ሾፌር ወጣት መጥሪያ ደረሰው። «እኔ ምንም አላጠፋሁም፤ ለምን እሄዳለሁ» ብሎ መኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ ከተተው። ወረቀቱ ላይ ባይቀርቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል ተብሎ ተጽፏል። ግን ማን ያነበዋል? ማኅተሙን ሲያይ ነው ልቡ የሚደነግጠው፤ ከደነገጠ ደግሞ ያጣጥፈዋል። በሌለበት ተፈረደበት። አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱን የማስገደጃው ትእዛዝ ሲመጣበት ነው የነቃው። መጥሪያው በደንብ አልደረሰኝም የሚል ወይም ያልቀረበበት በቂ ምክንያት ያለው ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። እሱ ወሩ ካለፈ በኋላ ነው የመጣው። ምን ልጻፍለት? ጠበቃ ፈልግ ብዬ ሸኘሁት። ይግባኝም እንዲሁ ነው። በፍትሐ ብሔር 60 ቀን ነው። ሰው ግን የፍርድ ግልባጭ እስኪደርሰው እያለ፣ ዘመድ እየመከረው፣ ሽማግሌ እየገባ፣ ቀኑ ያልቃል።

ስለ ፍቺ ብዙ አልልም፤ ጋዜጣውን ሙሉ ይፈጃል። አንድ ነገር ብቻ። ተስማምተው ለመለያየት የሚመጡ ወጣቶች በዚያው ቀን ወረቀት ይዘው የሚወጡ ይመስላቸዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በስምምነት ለመፋታት ከተጋቡ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲሞላቸው ይጠይቃል። ዳኛውም እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህን ስነግራቸው የሚናደዱት በእኔ ነው። አንዷማ «አንቺ ምን አገባሽ» ብላኝ ነበር። ሦስት ወሩ ሳያልቅ ባልና ሚስት ተያይዘው ኮንትራት ሊያጽፉ መጡ፤ ሱቅ ሊከራዩ ነው።

ፍርድ ቤቶቻችን ምንም አልተሻሻሉም ለማለት አይደለም። ዛሬ ጠበቆች አቤቱታቸውን ቢሯቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት ያስገባሉ። ከክልል የሚመጣ የሰበር ጉዳይ በፕላዝማ፣ ባለጉዳዩ እዚያው ሆኖ በስክሪን፣ ይሰማል። ድሮ ከጎንደር፣ ከጅማ ድረስ ለአንድ ቀጠሮ የሚመጣ ሰው ነበር፤ እዚህ አግዳሚዬ ላይ ያደረ ሁሉ ነበረ። የዕለቱ ቀጠሮ ዝርዝርም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በአዋጅ 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል ነገርም ገብቷል። ክርክሩ ሳይገፋ ሁለቱን ወገን አስማሚ ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግርበት ነው። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ። የወንድማማች የግድግዳ ክርክር፣ የአከራይና ተከራይ ጭቅጭቅ፣ ብዙው እዚያ ሊያልቅ የሚችል ነው። ለቸገረው ሰውም ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ስንት ሴት ደግፏል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማዕከል አላቸው። ጠበቆችም በ1992 ዓ.ም. በወጣው ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ እንዲያገለግሉ ይጠበቅባቸው ነበር።

ታዲያ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ከእነዚህ አንዱንም አያውቅም። የነጻ ድጋፉ ቢሮ ያለበት ፍርድ ቤት ውስጥ ገብቶ፣ በቢሮው በር አጠገብ አልፎ፣ ወጥቶ እኔ ጋ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ። በሩ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ከመጽሐፍ ገጽ አትበልጥም። እኔ ራሴ «ተመለስና እዚያ በር አንኳኳ» ብዬ የምልከው ሰው ብዙ ነው። ገበያዬን በገዛ አፌ ስዘጋ ማለት ነው። ልጄ ትስቅብኛለች።

የምለው ይህ ነው። በየፍርድ ቤቱ በር፣ ከፍተሻው ቀጥሎ፣ ከወረፋው በፊት፣ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ቤት የሠራ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይቀመጥበት። ሥራው ወረቀቱን ማየት ብቻ ነው። «ይህ የከተማው ነው፤ ያንተ እዚህ ነው፤ ቃለ መሃላ ይጎድልሃል፤ በተከሳሾች ቁጥር ልክ ኮፒ አምጣ፤ ዳኝነቱን ካልቻልክ እንዲህ ብለህ ማመልከት ትችላለህ» ይበል። ለማንም ወገን አያዳላም፤ ምክርም አይሰጥም፤ መንገድ ያሳያል። ጎኑ ግድግዳው ላይ በትልቁ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል፣ ምን ጉዳይ የት እንደሚታይና ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደግሞ ሰውየውን ይጠይቃል። ማሽን አምጥታችሁ ተክላችሁ በጣታችሁ ንኩ እንዳትሉን ብቻ አደራ። ባንክ ቤት የቁጥር ማሽን አጠገብ ሁልጊዜ ቁልፉን የሚጫንልን ዘበኛ አለ።

«ባለሙያ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ችሎቱ አብዛኛው እረፍት ላይ ነው፤ የሚሠራው ተረኛው ነው። ያን ጊዜ ሠራተኛ ለማሠልጠን አይበቃም? የሕግ ተማሪዎችስ አሉ አይደል? ለልምምድ ፍርድ ቤት ይላካሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ሲደረድሩ ነው የማያቸው። እነሱን በፈረቃ በሩ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ከአንድ ሳምንት የበር ተራ ከመጽሐፍ ያላገኙትን ይማራሉ።

ጠረጴዛው ከመጣ የእኔ ገበያ ይቀንሳል። ይቀንስ። የሥራ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የኪራይ ውል እጽፋለሁ፤ የዕድር ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። «ይነሱ» ባዩ ደብዳቤ ጸሐፊ ግን አንድ ነገር ያስቡልኝ። እኛ ተነስተን ጠረጴዛው ሳይመጣ ቢቀር፣ ያ ባለፌስታል ሰው የሚጠይቀው ዘበኛውን ብቻ ይሆናል። ከዘበኛው ቀጥሎ ደግሞ «ዳኛው ዘመዴ ነው» የሚለውን ደላላ ያገኛል። ደላላ በራፍ ላይ ወንበር የለውም፤ ስለዚህ አታነሱትም።

ለእናንተም ለዝግጅት ክፍሉ ጥያቄ አለኝ። ጋዜጦች የፍርድ ቤት ጥሪ ታወጣላችሁ። አድራሻው የጠፋ ተከሳሽ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፤ ለወራሽነትም ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ እየተባለ ይጠራል። እኔ ያን ገጽ መጀመሪያ ነው የማነበው፤ ሥራዬ ስለሆነ። ሰፈራችን ደግሞ የሟች ስም ፍለጋ የሚያነቡት አሉ። ከእሱ አጠገብ በሳምንት አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ሳጥን አውጡ። አንድ ሳምንት የወራሽነት ማስረጃ ለማግኘት ምን ይዞ የት መሄድ እንዳለበት ጻፉ። በሚቀጥለው ስለ ዳኝነት ነጻ ማመልከቻ ጻፉ። በሦስተኛው መጥሪያ የደረሰው ሰው ምን ያድርግ የሚለውን። የሕግ ባለሙያ አይቶ ያረጋግጠው፤ የእኔ ቃል ብቻ አይታመን። ጥያቄዎቹን ግን እኔ ልላክላችሁ። ሰው በየቀኑ የሚጠይቀኝን በደብተር እይዛለሁ፤ ሁለተኛው ደብተር እያለቀ ነው። በአማርኛ ተይቦ፣ ገጽ ተቆጥሮ፣ በፈለጋችሁት ቀን ይደርሳችኋል። ለዚህኛው ሥራ አላስከፍልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ታይፒስቷ
ከልደታ፣ አዲስ አበባ